የቅጂ መከላከያ ችግር በፕሮጀክተር ላይ

የቅጂ መከላከያ ችግር በፕሮጀክተር ላይ የሚባለው በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ወይም የተከራየ ዲጂታል ፊልም በላፕቶፕ ወይም በስልክ ስክሪን ላይ ያለ እንከን እየታየ፣ ወደ ፕሮጀክተር ሲላክ ግን ጥቁር የሚሆንበት፣ ጥራቱ የሚወርድበት ወይም «የተገናኘው ማሳያ የተጠበቀ ፊልም ለማሳየት አልተፈቀደለትም» የሚል ይዘት ያለው መልእክት የሚመጣበት ሁኔታ ነው። ብዙ ጊዜ ድምፁ ይሰማል፤ ምስሉ ግን የለም። አሳዪው ገመዱን ነቅሎ ይሰካል፣ ፕሮጀክተሩን አጥፍቶ ያበራል፤ የተበላሸ ነገር ግን አያገኝም። እያንዳንዱ ዕቃ የተሠራለትን ሥራ እየሠራ ነው፤ ከሥራዎቹም አንዱ ምስሉን መከልከል ነው።

የክልከላው ዋና መሣሪያ በምህጻረ ቃል ኤችዲሲፒ የሚባለው የምስጠራ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን ያዘጋጀው ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን የመጀመሪያው ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ለአምራቾች ፈቃድ የሚሰጠው ዲጂታል ኮንተንት ፕሮቴክሽን የሚባለው የኢንቴል ተቀጥላ ድርጅት ነው። ቴሌቪዥን፣ ፕሮጀክተር ወይም ማጫወቻ የሚሠራ ፋብሪካ ፈቃዱን ሲያገኝ ምስጢራዊ ቁልፎች ይሰጡታል፤ በምላሹም የተጠበቀን ምስል ወዳልተፈቀደ መውጫ ላለማሳለፍ በውል ይገባል። ፊልም ገዢው በዚህ ውል ውስጥ የለበትም፤ ውጤቱ ግን የሚደርሰው እርሱ ዘንድ ነው።

ችግሩ ዓለም አቀፍ ቢሆንም በአዲስ አበባ የራሱ መልክ አለው። ለምሳሌ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስና ከጎፋ እስከ መካኒሳ፣ ለቡና ጀሞ ባሉት ሰፈሮች፣ ፊልምን ለብዙ ሰው በአንድ ላይ ማሳየት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ፕሮጀክተር አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤት፣ የወጣቶች ማዕከል፣ የእድር አዳራሽ ወይም የሥልጠና ክፍል ንብረት ነው። እንዲህ ያለው ፕሮጀክተር ለስላይድ ማሳያ የተገዛና ዓመታት ያስቆጠረ ሊሆን ይችላል፤ ላፕቶፑ ደግሞ አዲስ። በሁለቱ መካከል ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ርካሽ አዳፕተር ይገባል። ስላይዱ ያልፋል፤ የተገዛው ፊልም ያቆማል። ከሰፈር ሱቅ በፍላሽ የተጫነ ያልተፈቀደ ቅጂ ግን መከላከያው አስቀድሞ ተነሥቶለታልና በዚያው ገመድና በዚያው ፕሮጀክተር ያለ ምንም ጥያቄ ይታያል። የሚቸገረው እንግዲህ የከፈለው ነው።

አሠራሩ

ሁለት ዕቃዎች በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲገናኙ፣ ምስሉ ከመሄዱ በፊት በገመዱ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ሽቦዎች አማካይነት ንግግር ይጀምራሉ። ላኪው፣ ማለትም ላፕቶፑ ወይም ማጫወቻው፣ መጀመሪያ ተቀባዩ የሚችለውን የምስል ጥራት ይጠይቃል። ለስላይድ ወይም ለተራ ቪዲዮ ንግግሩ እዚህ ያበቃል። ፊልሙ የተጠበቀ ከሆነ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፦ ተቀባዩ ማን ነው? ፈቃድስ አለው?

በመጀመሪያው ትውልድ ኤችዲሲፒ እያንዳንዱ ዕቃ ሲፈበረክ 40 ምስጢራዊ ቁልፎች በውስጡ ይቀመጣሉ፤ የእያንዳንዱ ቁልፍ ርዝመት 56 ቢት ነው። ዕቃው ከዚህ ሌላ ባለ 40 ቢት የመታወቂያ ቁጥር አለው። ይህ ቁጥር ምስጢር አይደለም፤ ሁልጊዜም 20 አንድና 20 ዜሮ ብቻ ይይዛል። ላኪና ተቀባይ መታወቂያቸውን ይለዋወጡና እያንዳንዱ በሌላው መታወቂያ ላይ «አንድ» በተጻፈባቸው ቦታዎች የሚገኙትን የራሱን 20 ቁልፎች መርጦ ይደምራል። የሁሉም ዕቃዎች ቁልፎች የተሰሉት ከአንድ ዋና የቁጥር ሰንጠረዥ ስለሆነ ሁለቱ ድምሮች እኩል ይወጣሉ። በዚህ መንገድ ምስጢሩ ራሱ በገመዱ ላይ ሳያልፍ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ቁጥር ይገኛል፤ ምስሉም የሚመሰጠረው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ነው። ቁልፍ የሌለው ተቀባይ ትክክለኛውን መልስ ሊሰጥ ስለማይችል፣ በተሻሩ ዕቃዎች መዝገብ ላይ የሰፈረው ደግሞ ተቀባይነት ስለሌለው፣ ላኪው ምስሉን ያቆማል።

ትውውቁ አንድ ጊዜ ተደርጎ አይተውም። ላኪው በየ128ቱ ምስል፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስሎች በሚሄዱበት ጊዜ በየ2 ሰከንዱ ገደማ፣ ተቀባዩ ከእርሱ ጋር እኩል እየተጓዘ መሆኑን ይፈትሻል። አዳራሽ ውስጥ ላፕቶፑ መድረክ ላይ፣ ፕሮጀክተሩ ጣሪያ ላይ ሆኖ በመካከላቸው ረጅምና ርካሽ ገመድ ሲዘረጋ፣ ፊልሙ ብልጭ ብሎ ይጠፋና እንደገና ይመጣ ይሆናል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የንግግሩ ሽቦ መድከም ነው። ስላይድ ሲታይ ያ ሽቦ መጀመሪያ ላይ ብቻ ስለሚያስፈልግ ድክመቱ አይታወቅም።

በመካከል ስፕሊተር ሲገባ ነገሩ ይወሳሰባል። ምስሉን ለብዙ ማሳያዎች የሚያከፋፍል ዕቃ ከእርሱ በታች የተገናኙትን ሁሉ መታወቂያ ሰብስቦ ለላኪው ማስታወቅ አለበት። በመጀመሪያው ትውልድ ደንብ እስከ 127 ዕቃዎች በ7 እርከን ሊያያዙ ይችላሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ፈቃድ ከሌለው ለሌሎቹም ምስል ላይሄድ ይችላል። የላፕቶፑን ስክሪንና ፕሮጀክተሩን በአንድ ላይ አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ ሲደረግም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል፦ ፕሮጀክተሩ ካልታመነ በላፕቶፑ ስክሪን ላይ እንኳ የነበረው ፊልም ሊቆም ይችላል። ብዙ ሰው «ላፕቶፔ ተበላሸ» ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

የሥርዓቱ ጥንካሬ ከመጀመሪያው አጠያያቂ ነበር። ምስጢሩ በመደመር ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ የጥቂት ደርዘን ዕቃዎችን ቁልፎች ያገኘ ሰው ዋናውን ሰንጠረዥ በስሌት ሊደርስበት እንደሚችል የምስጠራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አሳይተዋል። በመስከረም ወር 2010 እ.ኤ.አ. ዋናው ሰንጠረዥ በኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ ኢንቴልም ትክክለኛ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ትውልድ ኤችዲሲፒ እንደ ምስጢር አብቅቶለታል፤ በየመደብሩ በሚሸጡ ዕቃዎች ውስጥ ግን ሥራውን ቀጥሏል። የሰበረው ቅጂ ሻጭ አይመለከተውም። ገዢው ግን አሁንም ፊቱ ይቆምበታል።

ሁለተኛው ትውልድ ከቀድሞው ጋር በስም እንጂ በስሌት አይገናኝም። ቁልፍ ለመለዋወጥ አርኤስኤ የተባለውን፣ ምስሉን ለመመስጠር ደግሞ ባለ 128 ቢት ኤኢኤስን ይጠቀማል። ተቀባዩ ሩቅ ቦታ ሆኖ በኢንተርኔት እንዳይቀበልም የርቀት ፈተና ጨምሯል፦ ላኪው ለሚልከው ጥያቄ መልሱ በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ባለ 4ኬ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ከዚህ ትውልድ ውስጥ 2.2 የተባለውን ዝርዝር ነው። ስለዚህ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ያለው፣ የመጀመሪያውን ትውልድ የሚያውቅ ደህና ፕሮጀክተር እንኳ ለ4ኬ ፊልም እንደ እንግዳ ይቆጠራል፤ አንዳንዱ ማጫወቻ ወደ 1080ፒ አውርዶ ያሳያል፣ አንዳንዱ ምንም አያሳይም።

ቪጂኤ

ቪጂኤ የሚባለው ሰማያዊ ባለ 15 እግር መሰኪያ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነው። ምስሉን የሚያስተላልፈው በአናሎግ፣ ማለትም በቮልቴጅ መዋዠቅ ሲሆን፣ ኤችዲሲፒን የሚያስተናግድበት መንገድ የለውም። የተጠበቀ ፊልም ወደ ቪጂኤ ሲላክ ውሳኔው የማጫወቻው ፕሮግራም ነው፦ ወይ ይከለክላል፣ ወይ ጥራቱን ቀንሶ ያሳልፋል። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው አዳፕተርም ተቀባይ መስሎ ቢሰካም ቁልፍ ከሌለው ትውውቁን አያልፍም። በገበያ ላይ ሁለት መልካቸው አንድ የሆነ አዳፕተር አንዱ ፊልም ሲያሳይ ሌላው የማያሳየው በዚህ የተነሣ ነው፤ ልዩነቱን ከውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም።

የአናሎግ መውጫዎች የተዘጉት በዕቅድ ነው። የብሉ ሬይ ዲስክን የሚጠብቀው ሥርዓት ደንብ ከእ.ኤ.አ. 2010 ማብቂያ በኋላ የሚሠሩ ማጫወቻዎች በአናሎግ መውጫ ዝቅተኛ ጥራት ብቻ እንዲያሳዩ፣ ከ2013 ማብቂያ በኋላ የሚሠሩት ደግሞ ጨርሶ እንዳያሳዩ አዝዟል። በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. ኢንቴልና ኤኤምዲ ከትልልቅ ኮምፒውተርና ስክሪን አምራቾች ጋር ሆነው ቪጂኤን እስከ 2015 ድረስ ከምርቶቻቸው እንደሚያስወጡ አስታወቁ። ላፕቶፖቹ እንደተባለው ተለወጡ። ፕሮጀክተር ግን አምፖሉ እየተቀየረለት ረጅም ዕድሜ የሚኖር ዕቃ ነው፤ በጀት በጠበበበት ትምህርት ቤት ደግሞ የበለጠ ይኖራል።

የእ.ኤ.አ. 2008ቱ የማክቡክ ጉዳይ

ችግሩ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 ነው። አፕል ከአንድ ወር በፊት ሚኒ ዲስፕሌይፖርት የተባለ አዲስ መውጫ ያለው የማክቡክ ላፕቶፕ አውጥቶ ነበር። የላፕቶፑ ገዢዎች ከአይቲዩንስ መደብር በገንዘባቸው የገዟቸውን ፊልሞች በአዳፕተር ወደ አሮጌ ስክሪንና ፕሮጀክተር ሲልኩ ፊልሙ አይጫወትም አላቸው። ካጋጠማቸው መካከል በክፍሉ ፕሮጀክተር ለተማሪዎቹ ፊልም ሊያሳይ የሞከረ መምህር ነበር። ያው ፊልም ቀድሞ በተሠራ ላፕቶፕና በዚያው ፕሮጀክተር ይታይ ስለነበረ ቅሬታው በረታ፤ አፕል በዚያው ወር ኩዊክታይም 7.5.7 የተባለውን ማሻሻያ አውጥቶ መደበኛ ጥራት ላላቸው ፊልሞች ክልከላውን አነሣ። ከፍተኛ ጥራት ላላቸው ፊልሞች ግን ክልከላው ቀረ።

ከቴፕ ወደ ዲስክ

ቅጂን በመሣሪያ መከላከል ከኤችዲሲፒ ይቀድማል። በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ በቪኤችኤስ ካሴቶች ላይ ማክሮቪዥን የሚባል ዘዴ ገባ። ዘዴው በስክሪን በማይታየው የምስሉ ጠርዝ ላይ የሐሰት የብርሃን ምልክት ይጨምራል፤ ቴሌቪዥን አያስተውለውም፣ ቀጂው የቪዲዮ ዴክ ግን ተታልሎ የምስሉን ብርሃን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ቅጂው ይበላሻል። ዲቪዲ ማጫወቻን በቪዲዮ ዴክ በኩል አሳልፎ ከቴሌቪዥን ጋር ያገናኘ ሰው፣ ሊቀዳ ባያስብም፣ ምስሉ ሲደምቅና ሲፈዝ ያየው በዚህ ነው።

ዲቪዲ ምስጠራ ብቻ ሳይሆን የዓለም ክልል ቁጥርም ነበረው። ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሩሲያና ከሕንድ ጋር በክልል 5 ተመደበች፤ አሜሪካ ክልል 1፣ ምዕራብ አውሮፓ ክልል 2 ናቸው። ከዋሽንግተን በሻንጣ የመጣ ዲቪዲ አዲስ አበባ በተገዛ ማጫወቻ ላይ እምቢ ሊል የሚችለው ስለዚህ ነበር። በኮምፒውተር ዲስክ ማንበቢያ ላይ ክልሉን መቀየር የሚቻለው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከአምስተኛው በኋላ በመጨረሻው ክልል ላይ ይቆለፋል። የዲቪዲ ምስጠራ እ.ኤ.አ. በ1999 በተሰራጨ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ተፈትቷል።

የአማርኛ ፊልም ግን በአመዛኙ በሌላ ጎዳና ሄደ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ፊልሞች በቪዲዮ ካሜራ እየተቀረጹ በአምባሳደር፣ በአምፒርና በሲኒማ ኢትዮጵያ ባሉ አዳራሾች በቪዲዮ ፕሮጀክተር ይታዩ ጀመር። ከአዳራሽ ሲወርዱ ለቤት የሚሸጡት በቪሲዲ ነበር። ቪሲዲ ምስጠራም የክልል ቁጥርም የለውም። አንድ ዲስክ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል በመሆኑ ሙሉ ፊልም በሁለት ዲስክ ይመጣል፤ ማንኛውም ኮምፒውተር ይቀዳዋል፣ ማንኛውም ፕሮጀክተር ያሳየዋል። ቴክኒካዊ መከላከያ ስላልነበራቸው አዘጋጆች የተመኩት በጊዜ ላይ ነው፦ ፊልሙን ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በሲኒማ ቤት ብቻ እያሳዩ ቪሲዲውን ያዘገዩ ነበር። ዘዴው ተመልካቹን ትኬት እንዲገዛ ያስገድደዋል። ሲኒማ ቤት በሌለበት ከተማ የሚኖረው ሰው ደግሞ ይጠብቃል፣ ወይም ሌባውን ቅጂ ያያል።

በኢትዮጵያ ሕግ

ኢትዮጵያ ውስጥ የደራሲ መብት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተደንግጎ ቆይቶ በ1996 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ሕግ ወጣለት፤ ይኸውም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት ሥራን ማባዛት፣ ማሰራጨትና ለሕዝብ ማሳየት የመብቱ ባለቤት ሥልጣን ነው፤ ሆን ብሎ የጣሰ ሰው በእስራት ይቀጣል። በዚያው ልክ አዋጁ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። ከእነዚህም አንዱ በቤተሰብ መካከል ወይም በትምህርት ቤት ያለ ክፍያ የሚደረግን የግል ትዕይንት የመብቱ ባለቤት ሊከለክል እንደማይችል የሚደነግገው ነው። ተመሳሳይ ድንጋጌ በፍትሐ ብሔር ሕጉም ውስጥ ነበር።

ሕጉና ኤችዲሲፒ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ማን ለማን እንዳሳየ፣ በክፍያ ነው ወይስ በነጻ፣ በቤት ነው ወይስ በአደባባይ የሚለውን ነው። ቺፑ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ቁልፍ አለው ወይስ የለውም? በዚህም ምክንያት ሁለቱ ተቃራኒ ፍርድ ሊሰጡ ይችላሉ። የጀሞ አንድ መምህር የገዛውን ዘጋቢ ፊልም በትምህርት ቤቱ አሮጌ ፕሮጀክተር ለተማሪዎቹ በነጻ ቢያሳይ ሕጉ አይከለክለውም፣ ዕቃው ይከለክለዋል። በአንጻሩ አዲስ ፕሮጀክተር የገዛ አንድ ቪዲዮ ቤት ያንኑ ፊልም በትኬት ቢያሳይ ሕጉ ይከለክለዋል፣ ዕቃው ግን አንድም ቃል ሳይናገር ያሳይለታል። መከላከያው ፊልሙን ከአዳራሽ ሌብነት ይጠብቃል የሚለው ክርክር በዚህ ምሳሌ ፊት ብዙ አይቆምም፤ የሚጠብቀው በገመዱ ላይ ከሚደረግ ቅጂ ብቻ ነው።

በሌሎች አገሮች መከላከያን ማለፍ ራሱ ለብቻው ጥፋት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የቅጂ መብት ስምምነት አባል አገሮች ለቴክኒካዊ መከላከያዎች የሕግ ከለላ እንዲሰጡ ይጠይቃል፤ አሜሪካ በ1998፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ይህን በሕጋቸው አስገብተዋል። ኔዘርላንዳዊው የምስጠራ ተመራማሪ ኒልስ ፈርግሰን በ2001 የኤችዲሲፒን ድክመት አግኝቻለሁ ብሎ ዝርዝሩን ግን ሳያሳትም የቀረው ይህን የአሜሪካ ሕግ ፈርቶ ነው።

የሲኒማ ቤቶች መንገድ

ትልልቅ ዲጂታል ሲኒማ ቤቶች ኤችዲሲፒን የሚጠቀሙት ለፊልም አይደለም። የአሜሪካ ስቱዲዮዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ዝርዝር መሠረት ፊልሙ በሀርድ ዲስክ ተመስጥሮ ይላካል፤ መፍቻው ደግሞ ለብቻው ይመጣል። መፍቻው የሚሠራው ለአንድ ለተለየ የሲኒማ ሰርቨር፣ ከተወሰነ ቀንና ሰዓት እስከ ተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ሥርዓት ጥብቅ ነው፤ ቢሆንም ከቤት ዕቃው የሚሻልበት ነገር አለ፦ የሚጠይቀው ከእውነተኛ ውል ጋር የተያያዘ ጥያቄ ነው፤ የትኛው አዳራሽ፣ እስከ መቼ።

በስትሪሚንግ ዘመን

ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከጥር 2016 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአብዛኛው ዓለም ይገኛል። የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ከተሠራ በኋላ ዳይሬክተሩ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ያሳየው ፊልም ነው፤ በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በአንድ በኩል ፊልሙን ማግኘት ቀለለ። በሌላ በኩል ነፋስ ስልክ ውስጥ ደንበኝነቱን ከፍሎ ፊልሙን ከጓደኞቹ ጋር በግድግዳ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ገመዱ፣ አዳፕተሩና ፕሮጀክተሩ ሁሉ ፈቃድ ያላቸው መሆን አለባቸው። የአገልግሎቱ ውልም ለግልና ለቤተሰብ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ዘጋቢ ፊልሞች ብቻ ለትምህርት እንዲታዩ ይፈቀዳሉ።

በገበያ ላይ የሚገኙት አንድሮይድ የተጫነባቸው አነስተኛ ፕሮጀክተሮች ገመድን ያስቀራሉ እንጂ ችግሩን አያስቀሩም። ብዙዎቹ በጉግል ዋይድቫይን የጥበቃ ሥርዓት ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ናቸው፤ በዚያ ደረጃ እንደ ኔትፍሊክስ ያለ አገልግሎት ከ480ፒ ያለፈ ጥራት አይሰጥም፣ ወይም መተግበሪያው ጨርሶ አይከፈትም። «ባለ 4ኬ» ተብሎ በካርቶኑ ላይ መጻፉ ለዚህ ዋስትና አይሆንም። ከስልክ ወደ ፕሮጀክተር ያለ ገመድ ሲላክም የሁለተኛው ትውልድ ኤችዲሲፒ በአየር ላይ ይሠራል። ነፋስ ስልክ የሚለው የሰፈሩ ስም የመጣው ያለ ሽቦ ከሚሠራው የመልእክት ማስተላለፊያ የቀድሞ የአማርኛ ስም ነው፤ ምስል በነፋስ ሲላክም ቁልፍ ይጠየቃል።

ሌላው እንቅፋት ሰዓት ነው። የተከራየ ፊልም የጊዜ ገደብ አለው፤ በአፕል መደብር ለመጀመር 30 ቀን፣ ከተጀመረ በኋላ በአብዛኛው 48 ሰዓት ይሰጣል። ይህን የሚቆጣጠረው ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት ያያል። ባትሪው ደክሞ ወደ ድሮ ዘመን የተመለሰ፣ ወይም ባለቤቱ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት በእጁ የሞላበት ኮምፒውተር 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቆጥር ከመደብሩ ጋር የሚያደርገው የተጠበቀ ግንኙነት ይከሽፋል። ሰዓቱን ወደ አገርኛው አቆጣጠር ለማምጣት 6 ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰም በኪራይ ፊልም ላይ ሊቸገር ይችላል። ፕሮጀክተሩ ተወቅሶ ጥፋተኛው የቀን መቁጠሪያው የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሲያጋጥም የሚደረገው

ምክንያቱን ለመለየት ፈጣኑ መንገድ ያልተጠበቀ ቪዲዮ፣ ለምሳሌ በስልክ የተቀረጸ፣ በዚያው ገመድ ማሳየት ነው። እርሱ ከታየና የተገዛው ፊልም ካልታየ ጉዳዩ የቅጂ መከላከያ ነው፤ ሁለቱም ካልታዩ ገመዱ ወይም መሰኪያው ይመርመር። ፕሮጀክተሩ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካለው ቪጂኤውንና አዳፕተሩን መተው፣ በመካከል ያለውን ስፕሊተር ማውጣት፣ አጭር ገመድ መጠቀም፣ ማሳያውን «ፕሮጀክተር ብቻ» ላይ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፕሮጀክተሩን አስቀድሞ አብርቶ ማጫወቻውን በኋላ መክፈትም ይረዳል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ ትውውቁ ከመጀመሪያው ስለሚደገም ፊልሙን ዘግቶ እንደገና መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። ዝቅተኛ ጥራት ያለውን የፊልሙን ቅጂ መምረጥ ደግሞ አንዳንድ ማጫወቻዎች በአናሎግ እንዲያሳልፉ ያደርጋል፤ ለ50 ተማሪ ክፍል በአሮጌ ፕሮጀክተር ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም።

አንዳንድ ርካሽ ስፕሊተሮች ትውውቁን ከላኪው ጋር ጨርሰው ወደ ፕሮጀክተሩ የሚልኩትን ምስል ሳይመሰጥሩ ያሳልፋሉ። ይህ ከፈቃድ ውሉ ውጪ ነው፤ በአሜሪካ ዓይነት ሕግ ባለበት አገርም ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ሻጮቹ ይህን ባሕርይ በካርቶኑ ላይ አይጽፉትም፤ አንዳንዶቹም አያውቁትም።

ለአዳራሽ ትዕይንት የሚሻለው ከፊልሙ ባለቤት ጋር መነጋገር ነው። የአማርኛ ፊልም ከሆነ አዘጋጁ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኝ ሰው ነው፤ የማሳያ ፈቃድና ያልተመሰጠረ ፋይል በአንድ ላይ ሊሰጥ ይችላል። ለማስተማሪያና ፕሮጀክተርን ለመሞከር ደግሞ ማንም እንዲያሳያቸው ፈቃድ የተሰጠባቸው ፊልሞች አሉ፤ የብሌንደር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው «ቢግ በክ በኒ» እና በ2010 ያወጣው «ሲንቴል» የሚባሉት አኒሜሽኖች ያለ ምስጠራ ስለሚሰራጩ በቪጂኤም ሆነ በኤችዲኤምአይ ይታያሉ።